የውሃ ክበቡ ዘንድሮ ምን ሠራ?

በመምህራን ማረፊያው ውስጥ፣ የትምህርት ቤታችንን የውሃ ክበብ ስለምመራ፣ «እናንተ እኮ ሽርሽር ነው የምትወጡት» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። በቀልድ ነው የሚሉት፣ ግን ሁሉም ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ዘገባው ይኸውላችሁ፣ ፍርዱ የእናንተ።

የስብሰባውን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ጥቅምት ላይ አባላት መዘገብን፣ አመራር ተመረጠ፣ ዕቅድ ጸደቀ፣ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ተገናኘን። ቃለ ጉባኤው አለ፣ የፈለገ ያንብብ።

ዋናው ሥራችን የጉድጓድና የምንጭ ውሃ መፈተሽ ነው። እንደምታውቁት ልጆቻችን አብዛኞቹ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች በእግራቸው ነው የሚመጡት። ቤታቸው የሚጠጣው ከእጅ ፓምፕ ነው፣ ከጎለበተ ምንጭ ነው፣ አንዳንዱም ክዳን ከሌለው ጉድጓድ። «ውሃችሁ እንዴት ነው?» ስትሏቸው «ኩልል ያለ ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ኩልል ያለ ነው። ግን ከፍግና ከሽንት ወደ ውሃ የሚገባው ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው፤ ጀርሙም በዓይን አይታይ።

ለጀርሙ የምንጠቀመው ቀላል መፈተሻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ መድኃኒት የነካው ወረቀት አለ፣ ውሃ ትሞላበታለህ፣ ሰገራ የነካው ውሃ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል። ችግሩ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ፣ ያውም ከአንድ እስከ ሦስት ቀን። እኛ ያለነው ደግሞ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኅዳር ላይ ውርጭ በሚወርድበት አገር። ማሞቂያ ሣጥን የለንም። ልጆቹ ታዲያ ጠርሙሱን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ምድጃ አጠገብ ማሳደር ጀመሩ። አንዱን ልጅ እናቱ «ይሄ ደግሞ የምን መተት ነው?» ብላ ልትጥልበት ስትል ተሟግቶ አድኖታል። ሰኞ ጠዋት እንደ ቀለም የጠቆረ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ! «ያንተ ሠፈር ውሃ እኮ ነው የተበከለው» ብንለው ነው ትንሽ የደነገጠው።

አሁን ጥሩ ወደነበረው ጉዟችን ልምጣ። ከጥምቀት በኋላ ናሙና ልንወስድ የወጣን ዕለት ከጎበኘናቸው ጉድጓዶች አንዱ የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን ቤት ነበር። ክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣ ልጅ ናት። ፈተናውን ራሷ ላድርገው አለች። የናይትሬቱን ስትሪፕ፣ ውሃ ሲነካው ቀለሙ የሚቀየረውን ቁራጭ መፈተሻ፣ ነከረችና አንድ ደቂቃ ጠብቃ ከሣጥኑ ቀለም ጋር አስተያየችው። ለመጠጥ የሚፈቀደው በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ የሷ ስትሪፕ ሮዝ ቀለም ከዚያ በደንብ አልፏል። ወደ እኔ አየች፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ጉድጓዱን ዞረችና ቀና ብላ ዳገቱን አየች። በረቱ እዚያው ነው፣ ከጎኑ የፍግ ክምር። የከብቱ ሽንትና ፍግ በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ በስንጥቅጥቁ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ቁልቁል ነው የሚገባው።

አባቷ ነገሩን ሰምተው «ታዲያ አፍልተን እንጠጣዋ» አሉ።

«አይ አባዬ፣ ማፍላት ለጀርም ነው። ይሄኛው ውሃው ሲተን እሱ እዚያው ይቀራል፤ ይብስበታል እንጂ አይለቅም።»

«በረቱንስ የት ልውሰደው? ታች ጅብ ነው።»

እኔ ለዚህ መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉ «በረትና ሽንት ቤት ከጉድጓድ ያርቁ» ይላል እንጂ ስለ ጅብ አይናገርም። ልጅቷ ግን ትንሽ አሰበችና በረቱ እዚያው ይቅር፣ ፍጉ ወደ ታች ማሳው ይውረድ፣ ከበረቱ ሥር ጎርፉን የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈር አለች። ቀጥላ ሕፃን ወዳዘለችው የወንድሟ ሚስት ዞረችና «ለሱ ግን ከዚህ ውሃ አብሽም ቢሆን እንዳታቀምሺው» አለቻት። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ላይ ናይትሬት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም እንደሚያደርግ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ አዎ። አባትን ከነጅቡ ማሳመን ግን አላስተማርኳትም። ቦዩ ፋሲካ ሳይደርስ ተቆፍሯል፣ ሄጄ አይቻለሁ።

ውሃ ውስጥ ሲበዛ ጥርስ ስለሚያበልዘው ፍሎራይድም የጠየቁን አሉ፤ ስምጥ ሸለቆ ዘመድ ያለው ልጅ የበለዘ ጥርስ ያውቃላ። ደጋው ላይ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ነው፤ ቢሆንም መፈተሽ ነበረበት። መፈተሻው የለንም።

ያልሆኑልንም አሉ። ቆላ ልንወርድ ያቀድነው ጉዞ በመንገድ ምክንያት ቀረ። ስትሪፑ ሚያዝያ ላይ ጊዜው አለፈበት። ስትሪፕ ደግሞ ይጠቁማል እንጂ ቁርጡን አይናገርም፤ ናሙናው ላቦራቶሪ እንዲገባልን ደብዳቤ ጽፈናል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው።

የራሳችንን ሮቶም ፈትሸናል፣ ይህንን ዳር ዳር ማለት አያስፈልግም። ቧንቧው ላይ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ክሎሪን መገኘት ሲገባው ምንም አልተገኘም። ሮቶው በሳምንቱ ታጠበ፣ ለዚህ አስተዳደሩን አመሰግናለሁ። አጥሩም ዘንድሮ ቀለም ተቀብቷል፣ አምሮበታል። የክበቡ በጀት ግን ዜሮ ነው። እስካሁን የሠራነው በመምህራን መዋጮ ነው።

ለመጪው ዓመት የሚያስፈልገን የናይትሬት ስትሪፕ፣ የፍሎራይድና የክሎሪን መፈተሻ፣ የጀርም ጠርሙስ፣ ከተቻለም ትንሽ ማሞቂያ ሣጥን ነው። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ በተለይ ከተማ ያላችሁ፣ ዕቃውን ገዝታችሁ ብትልኩ ከገንዘቡ ይሻለናል፤ ገንዘብ ከገባ ለምን እንደሚውል ታውቃላችሁ። የሳይንስ ክፍሉ ተቀብሎ ይፈርማል። ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ እነዚያኑ ጉድጓዶች ደግመን እንፈትሻለን፤ የልጅቷ ቤት የመጀመሪያው ነው።