አክሲዮን ማሰባሰብና መንጠቅ አንድ አይደሉም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ባንክ አክሲዮን ያወጣችሁትን ዘገባ እኛ ሰፈር ያላነበበው የለም። እኔ የማነሳው አንዲት መስመር ብቻ ነው። «የሲቲግሩፕ ባለአክሲዮኖች ከአሥር አክሲዮናቸው ዘጠኙን ተነጠቁ» የምትለዋን።

ስህተት ነው። የተነጠቀ ሰው የለም።

ሲቲግሩፕ የተባለው የአሜሪካ ባንክ በግንቦት 2011 እ.ኤ.አ. ያደረገው አሥሩን አክሲዮን ሰብስቦ አንድ ማድረግ ነው። ፈረንጆቹ ሪቨርስ ስፕሊት ይሉታል። ዋጋውም አብሮ ተባዛ። ከመሰብሰቡ በፊት አንዱ አክሲዮን 4 ዶላር ተኩል ገደማ ነበር፤ ሲሰበሰብ 45 ዶላር ገደማ ሆነ። 29 ቢሊዮን የነበረው የአክሲዮን ብዛት 2.9 ቢሊዮን ሆነ። ድፎ ዳቦ ሃያ ቦታም ቁረሱት ሁለት ቦታ፣ ዳቦው ያው ነው።

ታዲያ እነዚያ ሰዎች አልከሰሩም ወይ? ከስረዋል፣ ክፉኛ። ግን የከሰሩት ቀደም ብለው ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንዱ አክሲዮን 55 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በመጋቢት 2009 እ.ኤ.አ. ከ1 ዶላር በታች ወረደ። ባንኩ የያዘው የቤት ብድር ተበላሽቶ የአሜሪካ መንግሥት 45 ቢሊዮን ዶላር አስገባለት። ባንኩም አዳዲስ አክሲዮን አወጣ፤ 5 ቢሊዮን ገደማ የነበረው 29 ቢሊዮን ደረሰ። ዳቦው አንሶ ሳለ እንግዳው በዛ። የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ የተሟጠጠው እዚህ ላይ ነው። ማሰባሰቡ ኪሳራውን አላመጣውም። አላዳነውምም። 45 ዶላር ገደማ የሆነው አክሲዮን የዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ 26 ዶላር አካባቢ ነበር። የድሮው 55 ዶላር በአዲሱ ቆጠራ 550 መሆኑን አስቡና አወዳድሩት።

እኔ የአንድ ዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። አባሎቻችን ዓሣ ይሸጣሉ፣ ከዘጌ ቡና ያመጣሉ፣ ጠላ ይጠምቃሉ። ከዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት ዕቁብ በደረሰን ቁጥር የባንክ አክሲዮን ገዛን። አንዳንዱ አምስት፣ አንዳንዱ ሰባት። ዘጋቢያችሁ ያነጋገረው አዲስ አበባ ያሉ ባለሙያዎችን ብቻ ነው። እንደ እኛ ያለ አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀም። ቢጠይቅ የሚያሰጋንን እንነግረው ነበር።

ሰባት አክሲዮን ያለው ሰው፣ አሥሩ ወደ አንድ ቢሰበሰብ አንድም አይሞላለትም። ሲቲግሩፕ ለእንዲህ ያለው ቁራጭ ጥሬ ገንዘብ ነው የከፈለው። ገንዘቡ አልጠፋም። ሰውየው ግን ከዚያ ወዲያ ባለአክሲዮን አይደለም። ለጉባኤ አይጠራም፣ ድምፅ አይሰጥም፣ ባንኩ ከዓመታት በኋላ ቢያገግም አይደርሰውም። ትንሹን ሰው የሚጎዳው ይህ ሆኖ ሳለ በዘገባችሁ አንድ ቃል አልተጻፈም።

ሌላም አለ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ሲያደርግ ብዙ ባንኮች አዲስ አክሲዮን መሸጥ ነበረባቸው። የእኛም ባንክ ለነባር ባለአክሲዮኖች ቅድሚያ እሰጣለሁ አለ። እኔ ማስታወቂያውን የሰማሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ቅርንጫፉ ሄጄ ስጠይቅ «ዋናው መሥሪያ ቤት ጠይቂ» ተባልኩ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፍኩ። እስካሁን መልስ የለም። ሰርተፍኬቴ ላይ ያለው ቁጥር ዛሬም ያው ነው፤ ከባንኩ ያለኝ ድርሻ ግን ቀጠነ። ያን ጊዜ «ተነጠቁ» ብሎ የጻፈልን ጋዜጣ አልነበረም። የእናንተም ጭምር።

አሁን ደግሞ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል። ጥር 2017 ዓ.ም. ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዝግቧል። ከእንግዲህ የጋዜጣ ስህተት በቀጥታ የሰው ኪስ ይገባል።

ዘገባው በወጣ ማግስት ስልኬ አላርፍ አለ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትጠብስ አንዲት አባላችን ሰባቱንም አክሲዮኗን ለመሸጥ ተስማምታለች። በገዛችበት ዋጋ እንኳ አይደለም። «ሳይወስዱብኝ» ነው የምትለው። ቁጭ ብዬ በዳቦው ምሳሌ አስረዳኋት። «ታዲያ ጋዜጣው ዋሽቷል ነው የምትዪኝ?» አለችኝ። ከእኔ ቃል ይልቅ የእናንተን አመነች።

ስለዚህ እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን አውጡልን። ገንዘቡን የምትቀበለው ቅዳሜ ነው።

የዕቁብ ጸሐፊ፣ ከባሕር ዳር