ከሚኤሶ እስከ ድሬ፦ ትንንሾቹን ባቡር ጣቢያዎች ፎቶ ለማንሳት የድጋፍ ጥሪ

የአዲስ አበባውን ጣቢያ፣ ለገሃርን፣ ያላነሳ ካሜራ የለም። የድሬዳዋ ጣቢያም ፎቶው ሞልቷል። እኛን የሚያሳስበን በድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ሐዲድ ላይ በሁለቱ መካከል የቀሩት ትንንሽ ጣቢያዎች ናቸው። አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ ሙሉ፣ አፍደም፣ ጎታ፣ ኤረር፣ ሁርሶ። እነዚህን ስሞች አንድ ዕድሜ የጠገቡ የድሬ ሰው ፊት መጥራት ጀምሩ፤ ቀሪውን እሳቸው ይጨርሱላችኋል። ፎቷቸውን ያሳዩን ብትሏቸው ግን የላቸውም። እኛም የለንም። የድጋፍ ጥሪው ለዚህ ነው።

እኛ ባቡርና መንገድ የምንወድ፣ ቅዳሜና እሁድ መኪና ተጋርተን ካሜራ ይዘን የምንወጣ ጥቂት ሰዎች ነን። ከመካከላችን በፎቶ እንጀራውን የሚያበስል አለ። አስተማሪ አለ። አባቱ ዕድሜውን በምድር ባቡር የጨረሰም አለ። ድርጅት አይደለንም፤ ቢሮም የለንም። እስካሁን የሠራነውን የሠራነው ከኪሳችን እያዋጣን ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አዋሽ ያሉትን ጣቢያዎች፣ ከአዋሽ ጣቢያ ጎን ያለውን የድሮውን ቡፌ ሆቴል ጨምሮ፣ ከሞላ ጎደል አንስተናል። ከዚያ ወዲያ ግን ኪሳችን አልቻለም።

ምክንያቱ መንገዱ ነው። እስከ አዋሽ ድረስ አስፋልቱና የድሮው ሐዲድ ብዙም አይራራቁም። ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ ሁሉም ከዋናው መንገድ እምብዛም የማይርቁ ናቸው። ሚኤሶን ካለፉ በኋላ ሁለቱ ይለያያሉ። ዋናው አስፋልት ወደ ጨርጨር ተራራ ይወጣና በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በቁልቢ አድርጎ ደንገጎን ቁልቁል ወርዶ ድሬ ይገባል። ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቆላ ቆላውን ይዞ ነው የሚሄደው። እና በመኪና ወደ ድሬ የሚሄድ ሰው ሁሉ አፍደምን፣ ጎታንና ኤረርን ሳያይ ከላያቸው ያልፋል። እዚያ ለመድረስ ከአስፋልቱ ወጥቶ አቧራውንና ደረቅ ወንዙን መጋፈጥ ግድ ነው። የቤት መኪና ለዚህ አይሆንም። በአራቱም ጎማ የሚጎትት ጠንካራ መኪናና አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ድሬዳዋ ራሷ የተፈጠረችው በዚሁ የዳገት ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ ሲሰጡ፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረ። ሐዲዱ ከሥር ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ቆመ፣ እዚያም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ በሌላ ስም ተቋቋመ፣ ሥራው ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናየው የለገሃር ሕንፃ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ በ1922 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። ብዙ ሰው ሕንፃውና ሐዲዱ እኩያ ይመስሉታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ትንንሾቹ ጣቢያዎች ለምን ይህን ያህል እንጨነቃለን? መስመሩ ነጠላ ስለነበረ ነው። የሚወጣው ባቡርና የሚወርደው ባቡር የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው። አንዱ በጎን ሐዲድ ላይ ቆሞ ሌላውን ይጠብቃል። በእንፋሎቱ ዘመን ደግሞ ሎኮሞቲቩ ውሃ መጠጣት ነበረበት። ያ የጥበቃ ጊዜ ነው ባዶውን ሜዳ መንደር ያደረገው። መንገደኛ ሲቆም የሚሸጥ ይመጣል። የሚሸጥ ሲመጣ ቤት ይሠራል። ለገሃር ባይኖር አዲስ አበባ ትኖር ነበር። የአፍደምን ዓይነት ከተማ ያለ ጣቢያው ማሰብ ግን ይከብዳል።

የምናነሳው የሕንፃ ፊት ብቻ አይደለም። የሕንፃ ፊት ከመኪና ሳይወርዱም ይነሳል። እኛ የምንፈልገው የትኬት መስኮቱን ነው፤ የመንገደኛ ክርን ዘመን ሙሉ ሲያርፍበት ጠርዙ የተበላውን እንጨት። የውሃ ማጠራቀሚያው የቆመበትን የድንጋይ ግንብ። የዕቃ ሚዛኑ የነበረበትን ቦታ። ግድግዳው ላይ በቀለም ተጽፎ ግማሹ የለቀቀውን የጣቢያ ስም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የሐዲዱን ጎን። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሐዲድ ሲመረት በጎኑ፣ በወገቡ በኩል፣ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት በብረቱ ላይ ጎላ ብሎ ይወጣል። ቀትር ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ ዝገቱ ይውጠዋል። ማለዳ ፀሐይ ገደድ ብላ ስትመታው ግን እያንዳንዱ ፊደል ጥላ ይጥልና ይነበባል። ፀሐይ ካልተመቸች የእጅ ባትሪ ከጎን ማብራት ይበቃል። ካሜራውን መሬት አስነክቶ፣ ባትሪውን ወደ ሐዲዱ አስጠግቶ፣ ብርሃኑን ቀስ እያሉ ማንሸራተት ነው። አንድ ጊዜ ፊደሉ ብቅ ሲል ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ሐዲድ ላይ ሳያጎነብስ አያልፍም። የትኛው ክፍል የመጀመሪያው ሐዲድ እንደሆነ፣ የትኛው በኋላ እንደተቀየረ የሚናገረው ይኸው ጽሑፍ ነው። ሐዲዱ ተነቅሎ ከሄደ ግን ንባቡም አብሮ ይሄዳል።

ሐዲዱ እየተነቀለ መሆኑ ደግሞ የተደበቀ ነገር አይደለም። የብረት ነጋዴ እጅ የገባ አለ። የአጥር ቋሚ፣ የቤት ምሰሶ የሆነም አለ። ጎጆውን በሐዲድ ያቆመን ሰው ለመውቀስ አንደፍርም። ባቡሩ ቀርቶበታል፣ ብረቱ እንኳ ይጥቀመው። እንዲያውም ምሰሶውን ፎቶ እናነሳዋለን፤ እሱም የታሪኩ አካል ነው።

ከፎቶው ጋር ድምፅም እንቀዳለን። ሹፌር የነበሩ፣ ትኬት የቆረጡ፣ መስመር የጠገኑ ሰዎች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። ሊቶሪና (ያለ ሎኮሞቲቭ በራሱ ሞተር የሚሄደው የመንገደኛ ባቡር) ላይ የሠሩም አሉ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበትን ቀን የሚያስታውሱ አሉ። ስለዚያ ቀን ማውራት ያልፈለገን አንጠይቅም። የፈለገ ግን በሰፊው እንዲያወራ ጊዜ እንሰጣለን፤ ለዚህ ነው እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ማደር የምንፈልገው። ሮጥ ብሎ አንስቶ መመለስ ቢሆን ኖሮ ወጪው ባነሰ ነበር።

ነገሩ የድሮ ብቻም አይደለም። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ከታኅሣሥ 2010 ጀምሮ መደበኛ ሥራ ላይ ነው። በኤሌክትሪክ ይሠራል። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የድሮው 1 ሜትር ነበር። በዚህ መስመር ላይ ዋናው ነገር ጭነት ነው። ኮንቴይነር የደረደረ ረጅም ባቡር ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲወጣ ማየት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው በዓል ነው። አንዳንድ ቦታ ሁለቱ መስመሮች እንደ አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ዝገት የበላው ሐዲድ ከፊት፣ አዲሱ ጭነት ባቡር ከኋላ፣ በአንድ ፎቶ። ይህን ፎቶ በደንብ የሠራው ሰው እስካሁን አላየንም።

ቀላልም አይደለም። የቆላ ሙቀት ከረፋዱ በኋላ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል። በረጅም ሌንስ ከሩቅ የተነሳ ባቡር ውሃ ውስጥ የተነከረ መስሎ ይወጣል፤ ያንን በኋላ በኮምፒውተር ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ ጠዋትና ወደ ማታ ብቻ ነው የሚሠራው። የጭነት ባቡር ደግሞ እንደ አውቶቡስ በሰዓት አይጠበቅም። ትቀመጣለህ፣ ትጠብቃለህ። አንዳንዴ ይመጣል፤ አንዳንዴ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይመጣል።

አብሮን መውጣት ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ከወዲሁ እንናገር። ከአዲሱ ሐዲድ በላይ ያለው ሽቦ 25,000 ቮልት የተሸከመ ነው። በአጠገቡ ትራይፖድ ወይም ሌላ ረጅም ብረት ከፍ አድርጎ መያዝ ሞት ነው። ሐዲዱ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት የሚባል ነገር በእኛ ጉዞ የለም። በራሪ ካሜራም (ድሮን) አናስነሳም። ፈቃድ በሚያስፈልግበት ቦታ ደብዳቤ ይዘን፣ ለቀበሌውም ለአገር ሽማግሌውም አስታውቀን ነው የምንሠራው። «ነገ ተመለሱ» ስንባል የምንመለስበት ቀንም በወጪው ውስጥ ታስቧል። ከልምድ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳናረጋግጥ ደግሞ ከአዋሽ አናልፍም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የምንፈልገው 600,000 ብር ነው። ከግማሽ በላዩን የሚበላው የመኪና ኪራይና ነዳጅ ነው። ቀሪው ለመንገድ መሪዎችና ለአስተርጓሚዎች (በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በኦሮምኛ የሚያግዙን)፣ ለማደሪያ፣ ለሃርድ ዲስኮች፣ በመጨረሻም ለፎቶ ኅትመት ይውላል። ለራሳችን የምንቆርጠው አበል የለም። ካሜራም አንገዛም፤ ያለን ይበቃል።

ብሩ ሳይሞላ ከቀረ ጉዞውን አናስቀርም፣ እናሳጥረዋለን። ከሚኤሶ እስከ ጎታ ያለውን አስቀድመን ሁርሶን ለሌላ ጊዜ እናቆያለን። ከተረፈ ደግሞ ከድሬ ወዲያ፣ ወደ አዲጋላና አይሻ መቀጠል ነው። ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ ነው። ከጉዞው በኋላ ደረሰኞቹን በሙሉ ለሰጪዎች እንልካለን፤ የነዳጁንም፣ የሻዩንም። 100 ብር የሰጠም እኩል ይደርሰዋል። ስሙ እንዲጠቀስ የማይፈልግ ይንገረን።

ፎቶዎቹን አንሸጥም። ማንኛውም ተማሪ፣ አስተማሪ ወይም ተመራማሪ በነፃ ይጠቀምባቸዋል። አንድ ሙሉ ቅጂ ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ለማስረከብ አስበናል። ኤግዚቢሽኑን የምናሳየው መጀመሪያ ድሬዳዋ ነው፣ ከዚያ በየጣቢያው ከተሞች። አዲስ አበባ በመጨረሻ ይደርሰዋል። ይህን ስንል የተከፋ ወዳጅ አለን። ቢሆንም ፎቶው መጀመሪያ መታየት ያለበት ለባለቤቶቹ ነው ብለን እናምናለን።

መውጣት የምንፈልገው ከመስከረም በኋላ ነው። በክረምት ደረቁ ወንዝ ድንገት ይሞላል፣ መኪና ይዞ መቅረት አለ። በጋው ሲገፋ ደግሞ ሙቀቱ ሰውም ካሜራም አያሠራም። ስለዚህ መዋጮው እስከ መስከረም መጨረሻ ቢገባልን መኪናውን በጊዜ እንይዛለን።

የሒሳብ ቁጥሩን በአደባባይ አናወጣም፤ አስመሳይ በዝቷል። ይህን ጥሪ ያደረሳችሁን ሰው ጠይቁት፣ እሱ ከእኛ ጋር ያገናኛችኋል። ከገንዘብ ሌላ የምንፈልገውም አለ። ለቆላ የሚሆን መኪና ያለውና ለጥቂት ቀናት ሊያውሰን የሚችል ሰው ካለ፣ የጉዞውን ወጪ በግማሽ ቀነሰልን ማለት ነው። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ምድር ባቡር የሠሩ ከሆነ ስልክ ደውለን እንድናናግራቸው ፍቀዱልን። ቤት ውስጥ የድሮ ትኬት፣ የሠራተኛ መታወቂያ ወይም ጣቢያ ላይ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ካለ ደግሞ በፖስታ አትላኩት፣ ይጠፋል። እኛው ቤታችሁ መጥተን፣ እናንተው ፊት ፎቶ አንስተነው እንመለሳለን።