አረንጓዴው ሁሉ አንድ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ፒያሳ ግቢያችን ውስጥ ያለው የውሃ በርሜል ሰሞኑን አረንጓዴ ክር አወጣ። ጎረቤቶቼ "ቆሻሻ ነው" ብለው ሊደፉት ነበር። በጣቴ አንስቼ አየሁት፤ እንደ ሐር ይለሰልሳል፣ ያሟልጫል። ስፓይሮጋይራ የሚባለው ዋቅላሚ (አልጌ) ይመስለኛል። የእሱ ክሎሮፕላስት፣ ማለትም አረንጓዴውን ቀለም የያዘው የሕዋሱ ክፍል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ጥብጣብ የተጠማዘዘ ነው፤ በጣም ያምራል።

ጋዜጣችሁ ዋቅላሚን ሁሉ በአንድ ስም መጥራቱ ቅር አሰኝቶኛል። አረንጓዴ ዋቅላሚ ሁለት ትልልቅ ጎራ አለው፤ ክሎሮፋይታና ስትሬፕቶፋይታ። ስፓይሮጋይራ ከሁለተኛው ነው። ጤፉም የጥድ ዛፉም የመጡት ከዚያው ወገን ነው! ሰማያዊ አረንጓዴ ዋቅላሚ የሚባለው ግን ባክቴሪያ ነው፤ ስፒሩሊናም እዚያ ይመደባል። ትሬንቴፖህሊያ የሚባለው ዋቅላሚ ደግሞ መልኩ ብርቱካናማ ሆኖ ዘሩ ከአረንጓዴዎቹ ነው። እባካችሁ ለይታችሁ ጻፉልን። ልጆቻችን ያነቡታል።

አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ