መኪናው ለምን ደጋግሞ ይመለሳል? ለቅንጡ ኤስዩቪ ባለቤት ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ሬንጅ ሮቨር፣ መርሴዲስ ጂኤልና ኤምኤል፣ ቢኤምደብሊው ኤክስ 5 እና መሰል መኪኖችን ይዛችሁ የምትመጡ ደንበኞች በአንድ ቃል የምታነሱት ቅሬታ አለ። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት መኪና ዛሬ ተሠርቶ በወሩ ሌላ መብራት አብርቶ ይመለሳል። ቅሬታችሁ ተገቢ ነው። ብልሽቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ከእንግዲህ ሥራውን እንዴት እንደምንሠራና እናንተ ምን ብታደርጉ ወጪው እንደሚቀንስ በዝርዝር ልንገልጽላችሁ ወደናል።

በእነዚህ መኪኖች ላይ ሞተር የሚያስወርደው ወጪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፕላስቲክና ከጎማ ነው፤ ከተሰነጠቀ የውሃ ቱቦ፣ አየር ከሚያስተነፍስ የአየር ሞላ (በብረት ፈንታ መኪናውን የሚሸከም፣ በአየር የተሞላ ጎማ)፣ ከደረቀ ኦሪንግ (ፍሳሽ የሚከላከል የጎማ ቀለበት)። ዕቃው ትንሽ ነው፣ የተቀመጠበት ቦታ ግን ጠባብ ስለሆነ የእጅ ሥራው ይበዛል። ምልክቱ ታይቶ እያለ ውሃ እየሞሉ ወይም መብራቱን በስካነር (ብልሽት በሚያነብ መሣሪያ) እያስጠፉ መንዳት ትንሹን ፍሳሽ ወደ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሥራ ያደርሰዋል።

ከውሃው እንጀምር፤ ብዙ ሞተር የሚጎዳው በዚህ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ግፊት በሌለበት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይፈላል። የእነዚህ ሞተሮች መደበኛ የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው። ውሃው የማይፈላው በዋናነት የራዲያተሩ ሲስተም ግፊት ስለሚይዝ ነው። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ግፊቱን ካስመለጠች ውሃው እዚያው ሞተሩ ውስጥ ሊፈላ ይችላል። ዱባይ ላይ ለሳምንታት እያንጠባጠበ የሚሄድ ቱቦ እዚህ በአንድ የእንጦጦ ዳገት ሞተር ሊያቃጥል ይችላል።

በሬንጅ ሮቨርና በሬንጅ ሮቨር ስፖርት 5.0 ሊትር ቪ8 ሞተር ላይ የታወቁት ደካማ ቦታዎች ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው። አንዱ ከሞተሩ ፊት ለፊት ያልፋል፣ ሌላው ከኋላ፣ ሱፐርቻርጀር (ወደ ሞተሩ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ባላቸው ላይ ደግሞ ከሱፐርቻርጀሩ ሥር ተደብቋል። ሁለቱም ከሁለት ግማሽ ፕላስቲክ የተጣበቁ ስለሆኑ በሙቀት ብዛት መጋጠሚያው ይከፈታል። ውሃው ትኩስ ሞተር ላይ ሲንጠባጠብ እዚያው ስለሚተን መሬት ላይ ጠብታ አይገኝም። «ምንም አይፈስም፣ ግን ውሃ ይጎድላል» የምትሉን ለዚህ ነው። ኮፋኖውን ስትከፍቱ ጣፋጭ የሆነ ሽታ ከሸተታችሁ፣ ወይም መጋጠሚያው ዙሪያ የደረቀ ነጭ ወይም ብርቱካናማ ዱካ ካያችሁ ቱቦው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ከእንግዲህ ከሁለቱ አንዱ አፍስሶ ስናገኘው ሁለቱንም እንቀይራለን። የውሃ ፓምፑንም በዚያው እንፈትሻለን፤ ፓምፑ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ማፍሰሱ የተለመደ ነው። የኋላውን ለማግኘት ሱፐርቻርጀሩ መነሳት አለበት፣ ያንን ሥራ ደግሞ በዓመት ሁለቴ ማስከፈል አንፈልግም። ከአሉሚኒየም የተሠራ ተተኪ ቱቦ ሲገኝ እሱን እንመርጣለን። አንዱ ብቻ ይቀየርልኝ የሚል ደንበኛ ምርጫው ነው፣ ነገር ግን ደረሰኙ ላይ እንጽፈዋለን።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሙቀት መርፌ አትመኑት። በእነዚህ መኪኖች ላይ መርፌው ሰፊ የሙቀት ልዩነት እያለም መሐል ላይ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ ነው። ውሃው ካለቀ ደግሞ ሴንሰሩ የሚለካው እንፋሎት ስለሚሆን የተሳሳተ ንባብ ሊሰጥ ይችላል። መርፌው ወደ ቀዩ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። ስለዚህ ውሃ ጎደለ የሚል መልእክት ከመጣ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አትንኩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍሱ፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ይጣመማል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ እኛ ለመድረስ የቧንቧ ውሃ ከመሙላት ሌላ አማራጭ ካጣችሁ ሙሉ፣ ግን ስትደርሱ ንገሩን። ማዕድን ያለው ውሃ ራዲያተር ውስጥ ይጋገራል፣ ስለዚህ አጥበን ለሞተሩ የተፈቀደውን ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለን እንሞላለን። በቀለም ብቻ ተመሳስሎ የተገዛ ኩላንት አትጨምሩ፤ ዓይነቱ የተለያየ ኩላንት ሲቀላቀል ዝገት የመከላከል ኃይሉን ያጣል።

ስለ ዘይት አጠር አድርገን እንናገር። 5.0 ሞተሩ የዘይት መለኪያ ዘንግ የለውም፤ መጠኑ የሚታየው በዳሽቦርዱ ሜኑ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ፣ አጥፍታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እዩት። ገና እንደቆመ የሚሰጠው ንባብ አያስተማምንም። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከፊት በኩል የሚንኳኳ ድምፅ ካለ የታይሚንግ ሰንሰለቱ (የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው) ወጣሪ ወይም ተንሸራታቹ ተበልቷል፤ በተለይ ከ2010 እስከ 2012 በተሠሩት ላይ ይህ የታወቀ ነው። ፋብሪካው ለዘይት ቅያሪ የፈቀደው ረጅም ኪሎሜትር ለአዲስ አበባ መጨናነቅና አቧራ አይሆንም። እኛ በ7,000 ኪሎሜትር ወይም በ6 ወር፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው እንቀይራለን።

አሁን ወደ አየር ሞላው። መኪናው አንድ ጎኑ ሲወርድ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያዝዘው ኮምፕሬሰር (ሞላዎቹን አየር የሚሞላው ፓምፕ) ነው። ኮምፕሬሰሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞቶ የሚገኘው ሌላ ቦታ የሚያመልጠውን አየር ሲተካ ውሎ ስለሚያድር ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያንኑ ግፊት ለመሙላት የበለጠ ጊዜ ይሠራል፣ ይግላል። አየሩን የሚያደርቀው የኮምፕሬሰሩ ማድረቂያ ዱቄት በእርጥበት ይሞላል፣ እርጥበቱም አየሩን ለየሞላው ወደሚያከፋፍለው ቫልቭ ብሎክ ይገባል። ፍሳሹ ሳይዘጋ አዲስ ኮምፕሬሰር መግጠም አዲሱን ለመግደል ነው። ከእንግዲህ የፍሳሽ ምርመራ ሳናደርግ ኮምፕሬሰር አንገጥምም፤ ስንገጥምም ሪሌውን (ኮምፕሬሰሩን የሚያበራና የሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ማብሪያ) አብረን እንቀይራለን፣ ምክንያቱም ጫፉ ተጣብቆ የቀረ ሪሌ ኮምፕሬሰሩን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል።

የመጀመሪያውን ምርመራ ቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ማታ ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በአራቱም ማዕዘን በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ጠዋት በር ሳትከፍቱ እንደገና ለኩ። ጥቂት ሚሊሜትር አያሳስብም፤ ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር ከወረደ አየር ያስተነፍሳል። አንድ ማዕዘን ብቻ ከወረደ የዚያ ማዕዘን ሞላ ይጠረጠራል፣ ሁለቱ ፊቶች አብረው ከወረዱ የፊቱ ቫልቭ ብሎክ። ሬንጅ ሮቨር ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ቆሞ እያለ በየጥቂት ሰዓቱ ነቅቶ ራሱን ያስተካክላል፤ አንዱ ማዕዘን ከወረደ ሌሎቹንም ወደ እሱ ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ሞላ ብቻ አፍስሶ መኪናው ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ሊያድር ይችላል። እኛ የሰስፔንሽኑን ፊውዝ አውጥተን እናሳድረውና ጠዋት የሞላውን እጥፋት በሳሙና አረፋ እንፈትሻለን። ስንጥቁ የሚገኘው እጥፋቱ ላይ ነው፣ ስለዚህ መኪናው ከፍ ብሎ ሲቆም ይዘጋና ዝቅ ሲል ይከፈታል።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱም አንድ ነገር አደራ። ክሪክ ሲገባ ሞተሩ ይጥፋ፣ በመመሪያ መጽሐፉ ላይ የክሪክ ሁነታ ካለ ይመረጥ። በክሪክ ተነሥቶ አየሩ የወጣ ሞላ ላይ መኪናውን ድንገት ማውረድ የሞላውን ጎማ ቆንጥጦ ሊቀደው ይችላል።

በብረት ሞላ ይቀየርልን የሚል ጥያቄም ይመጣል። ይቻላል። ግን የመኪናው ከፍታ መቆጣጠሪያ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩም ካልተስተካከለ መብራቱ አይጠፋም። አስተያየታችን፦ መኪናውን ልትሸጡት ካላሰባችሁና አራቱም ሞላዎች አብረው ካረጁ ያስኬዳል፤ አንድ ብቻ ከተበላሸ አያዋጣም።

ዳሽቦርዱ ላይ አምስት ስድስት መብራት በአንድ ጊዜ ከበራ፣ የካምቢዮ፣ የፍሬንና የሰስፔንሽን ብልሽት አብሮ ከተጻፈ፣ ምንም ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ባትሪው ይለካ። ቆሞ ያደረ ደህና ባትሪ ከ12.6 ቮልት አካባቢ አይወርድም፤ 12.2 እና ከዚያ በታች ከሆነ ኮምፒውተሮቹ የሐሰት ብልሽት መጻፍ ይጀምራሉ። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው 13.5 እስከ 14.8 ቮልት መስጠት አለበት። ኤጂኤም (AGM የሚል ጽሑፍ ያለበት ልዩ ዓይነት) ባትሪ ይዞ የመጣ መኪና ላይ ተራ ባትሪ አይግባ። ቢኤምደብሊው ላይ ደግሞ አዲሱ ባትሪ በኮምፒውተር መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ እንደ አሮጌው እየሞላው ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

የመርሴዲስ 3.0 ሊትር ቪ6 ናፍጣ ያላችሁ፣ ዘይት በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ በኩል ሲወርድ ካያችሁ ካምቢዮ ለማስወረድ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው በሁለቱ ቴስታታዎች መሐል ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ኦሪንግ ነው። ዕቃው ጥቂት ጎማ ነው፤ ወጪው ተርቦውንና የአየር ማኒፎልዱን ማንሣቱ ነው።

ሌክሰስ ያላችሁ ደንበኞች ችግራችሁ ከዚህ ያነሰ ነው፣ ግን ከምርመራ ነፃ አይደላችሁም። በ2024 ቶዮታ በአሜሪካ 102,000 ያህል የ2022 እና 2023 ቱንድራና ኤልኤክስ 600 መኪኖችን ጠርቷል፤ ምክንያቱ ከምርት የቀረ የብረት ፍርፋሪ የሞተሩን ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ተሸካሚ) ስለሚያበላሽ ነው። መኪናችሁ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ መለያ በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማጣራት ይቻላል። ቁጥሩን ስጡን፣ እኛ እናጣራላችኋለን።

ስለ ዋጋ እውነቱን እንናገር። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ በእጅጉ ጨምሯል። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትም በዚያው ዓመት ስለተከለከለ ያላችሁ መኪና ለረጅም ጊዜ ሊያገለግላችሁ ይገባል። ወጪ ለመቀነስ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ በር፣ መብራት፣ መስታወት ወይም ቸርኬ ብትገዙ እንገጥምላችኋለን። ያገለገለ የአየር ሞላ፣ የፕላስቲክ ውሃ ቱቦና ኩላንት ማጠራቀሚያ ግን አንገጥምም፤ ዕድሜው ካለቀው ዕቃችሁ ጋር እኩል ያረጀ ነው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በካርቶን አድርገን እንመልስላችኋለን።

ቀጠሮ ስትይዙ መኪናው ከማታ ጀምሮ ያደረ ቀዝቃዛ እንዲሆን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አምጡልን፤ የሰንሰለቱ ድምፅ የሚሰማው፣ የውሃው ግፊት የሚፈተሸው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። መብራቱን ሌላ ቦታ በስካነር አታስጠፉ፤ የተመዘገበው ብልሽት ሲጠፋ መቼና በስንት ሙቀት እንደተፈጠረ የሚያሳየው መረጃም ይጠፋል። ከመምጣታችሁ በፊት ሞተሩን አታሳጥቡ፤ የፍሳሹ ዱካ ይታጠባል፣ ውሃውም የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ ውስጥ ይገባል። የለካችሁትን የአራቱን ማዕዘን ቁጥር የጻፋችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ