ለጉልበት ቅየራ ብሩ ሲጠራቀም ሰውነትም ይዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፣

በባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዳር ቀበሌዎች የጉልበት ወይም የዳሌ መገጣጠሚያ ሊያስቀይር ቀጠሮ የያዘ ሰው ቤት ወሬው ሁሉ ስለ ብር ነው፤ ማን ያዋጣል፣ ማን ያስታምማል። በእነዚያ ወራት የታማሚውን ስኳር፣ ጥርስና እግር ዞር ብሎ የሚያይ ግን አይገኝም። በእኛ እምነት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ኢንፌክሽን ነው። የሚደርሰው ከመቶ ታካሚ በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ ቢሆንም የደረሰበትን ያንገላታል። በመገጣጠሚያው ቦታ የሚገባው ብረት ደም አይዞርበትም፤ ባክቴሪያ አንዴ ከያዘው ሙጫ መሳይ ሽፋን ሠርቶ ስለሚደበቅ መድኃኒት አይደርስበትም። ያኔ ጉልበቱ እንደገና ይከፈታል፤ ብዙ ጊዜም ብረቱ ወጥቶ፣ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ተወስዶ፣ በሌላ ቀዶ ሕክምና አዲስ ይገባል።

ስለዚህ ባክቴሪያው የሚገባበት ቀዳዳ አስቀድሞ ይደፈን። የተቦረቦረ ጥርስ ይታከም ወይም ይነቀል። ሽንት ሲሸና የሚያቃጥለው ይመርመር። ጉልበቱን ለሐኪም የሚያሳይ ሰው ጫማና ካልሲውንም አውልቆ እግሩን ያሳይ፦ የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ በጣቶች መሐል የተላጠ ቆዳ፣ በአጃቢው ዓይን እንደ ተራ ነገር የሚታይ ትንሽ ቁስል። ይህ ሳይድን ቀዶ ሕክምና አይገባም። ወጌሻ ዘንድ ጉልበትን ማስተኮስም ቆዳውን ያቆስላልና ይቅር። ለሕመሙ ጉልበት ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ የተወጋ ቢያንስ 3 ወር ይቆይ። በዋዜማው ቀዶ ሕክምና የሚደረግበትን ቦታ በምላጭ መላጨት ደግሞ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል።

የስኳር ሕመምተኛ የጠዋት ልኬቱን ብቻ አይመን። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ቁስሉ ቶሎ አይድንምና ስኳሩ ይቅደም። ሲጋራ የሚያጨስ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ያቁም።

ሐይቁ ዳር ለሚኖር ሰው የሰገራ ምርመራ አይዘለል፤ መንጠቆ ትልና ቢልሃርዚያ ደም ያሳንሳሉ፣ በቀዶ ሕክምናው ደግሞ ተጨማሪ ደም ይፈሳል። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኑ ከ13 በታች ከሆነ ምክንያቱ ይፈለግ፤ የብረት እንክብል ደም ለመሙላት ሳምንታት ይፈልጋልና በመጨረሻዋ ሳምንት መሯሯጥ አይጠቅምም። ጾም ላይ ከሆነም ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ይብዛ፤ ከደከመ የንስሐ አባቱን ያማክር።

ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ለሐኪሙ ይንገር። ብዙውን ጊዜ 5 ቀን ቀደም ብሎ ይቆማል፤ በራስ ፈቃድ ማቆም ግን ለደም መርጋት ያጋልጣል። አዲስ አበባ ታክሞ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ የሚመለስ ሰው ከመነሣቱ በፊት ስለ ደም ማቅጠኛው ይጠይቅ፣ በየመንገዱ ወርዶ ይራመድ። ባቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ቤት ሳይደርስ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይሂድ።

መጸዳጃ ቤቱን ማንም አያነሣውም። የተቀየረ ጉልበት ቁጢጥ ለማለት በቂ አይታጠፍም፤ ዳሌው የተቀየረ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ90 ዲግሪ በላይ ካጠፈው መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። ዱካ ላይ መቀመጥም እንዲሁ ነው። ለጉድጓዱ መሐሉ ክፍት የሆነ የእንጨት መቀመጫ ይሠራለት፤ ከፍታው ከታማሚው ጉልበት እንዳያንስ አናጺው ለክቶ፣ ታማሚው ሆስፒታል ሳይገባ ይጨርሰው።

በአጥንት ሕክምና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች
ባሕር ዳር