ደብዳቤ ለልጄ፦ ዶሜኑን ከአንዱ፣ ኢሜይሉን ከሌላው

ውድ ልጄ፣

በራስሽ ስም ዶሜን (በኢሜይል አድራሻ ከ@ በኋላ የሚመጣውን ስም) ገዝተሽ ኢሜይልሽን እዚያ ላይ ልታደርጊ ነውና ከማን ልግዛ ላልሽኝ መልሱ ሁለት ድርጅት ነው። ዶሜኑን ከአንዱ፣ የኢሜይል አገልግሎቱን ከሌላው ውሰጂ። ተለያይተው ከተቀመጡ የኢሜይሉ ድርጅት ዋጋ ቢቆልል ወይም አገልግሎቱ ቢከፋ አድራሻሽን ሳትቀይሪ ሌላ ዘንድ ትሄጃለሽ። አንድ አካውንት ውስጥ ከገቡ ግን ያ አካውንት የታገደ ቀን ሁለቱንም ታጫለሽ።

ስሙን ከመግዛትሽ በፊት በስልክ ለሰው ተናግረሽ ሞክሪው። የእኛ ስሞች በላቲን ፊደል ወጥ አጻጻፍ የላቸውም፤ ስምሽ ውስጥ ያለውን ‹ጽ› አንዱ በ‹ቲ ኤስ›፣ ሌላው በ‹ኤስ› ብቻ ይጽፈዋል። ፓስፖርትሽ ላይ ያለውን ያዢ። መጨረሻው ‹.ኮም› ይሁን። ርካሾቹን አዳዲስ መጨረሻዎች አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች ስላበዙባቸው አንዳንድ ማጣሪያ ገና ከስሙ ይጠረጥራቸዋል። የአገር መጨረሻዎች ደግሞ ከነዋሪነት ጋር የተያያዘ ሕግ ሊኖራቸው ይችላል፤ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ እዚያ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ‹.ኢዩ› ዶሜናቸውን ያጡት በዚሁ ምክንያት ነው። ነገ የት አገር እንደምትሠሪ ስለማይታወቅ ይህን አትርሺ።

ዋጋ ላይ ብዙ አትጨነቂ። የ‹.ኮም› የጅምላ ዋጋ ከ10 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ስለሆነ በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ተገቢ ነው። በ1 ዶላር የሚሸጥልሽ በሁለተኛው ዓመት እድሳት ላይ ይክሰዋል፤ ስለዚህ የምታነጻጽሪው የእድሳቱን ዋጋ ነው። ከዶሜን ሻጮቹ ክላውድፍሌር ያለ ትርፍ ይሸጣል፣ ግን ዶሜኑ እሱ ጋር እስካለ ኔምሰርቨሩም (የዶሜኑ ድረ ገጽና ኢሜይል የት እንዳሉ የሚናገረው ኮምፒውተር) የእሱ መሆን አለበት። ሌላው ሻጭ ፖርክበን ይህ ገደብ የለበትም፣ ስምና ስልክሽን ከሕዝብ መዝገብ የሚሸፍነውም በነፃ ነው። ለአንቺ እሱን እመርጣለሁ። ከማንም ብትገዢ ግን በሩ ክፍት መሆኑን እወቂ፤ ጉግል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2023 የዶሜን ሥራውን ለስኩዌርስፔስ ሸጦ ወጥቷል። ‹.ኮም›ን ለማዛወር እንዳይዛወር የሚያግደውን ቁልፍ ከፍተሽ የማዛወሪያ ኮዱን ለአዲሱ ሬጅስትራር (ዶሜን ሻጭ ድርጅት) ትሰጫለሽ፤ የምትከፍይው ገንዘብ በቀሪው ጊዜሽ ላይ አንድ ዓመት ይጨምራል። ከተመዘገበ 60 ቀን ያልሞላው ዶሜን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይዛወርም።

አሁን ዋናው ነገር። የሬጅስትራሩ አካውንት የተከፈተበት ኢሜይል በፍጹም በዚያው ዶሜን ላይ ያለ አይሁን። ዶሜኑ ሲቆም ኢሜይሉም ይቆማል፤ ‹ክፍያሽ አልተሳካም› የሚለው ማስጠንቀቂያም ሆነ የፓስወርድ መቀየሪያው የሚመጣው ወደማይከፈት ሳጥን ይሆናል። የአሁኑን ጂሜይልሽን ለዚህ አስቀሪው። ግን አልፎ አልፎ ግቢበት፤ ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ ይችላል። በገዛሽ በ15 ቀን ውስጥም ኢሜይልሽን እንድታረጋግጪ ሊንክ ይላክልሻል። ስፓም ውስጥ ገብቶ ካለፈሽ ዶሜኑ ይታገዳል፤ ሰው ግን ‹ዲኤንኤሱ (የዶሜኑ አድራሻ መዝገብ) ተበላሸ› እያለ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

እድሳቱን አውቶማቲክ አድርጊው፣ ከዚያም በላይ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት ቅድሚያ ክፈይ። ቢበዛ እስከ 10 ዓመት ይቻላል። የሚያበቃው ካርድሽ ከሆነ አውቶማቲኩ አያድንሽም። ጊዜው ያለፈበት ‹.ኮም› እንደ ሬጅስትራሩ ጥቂት ቀን ወይም ሳምንታት በተለመደው ዋጋ ይታደሳል፤ ቀጥሎ 30 ቀን በከባድ ቅጣት፤ ከዚያ 5 ቀን ማንም ሳይነካው ቆይቶ ለፈለገ ሁሉ ይለቀቃል። የገዛው ሰው ‹ፓስወርዴን ረሳሁ› እያለ በተማመንሽበት አድራሻ የተከፈቱ አካውንቶችሽን ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዶሜን ኢሜይል ከጀመርሽ በኋላ ‹ሰለቸኝ› ብለሽ አትልቀቂው።

ለኢሜይሉ ፋስትሜይል ይሻልሻል፤ ከማንኛውም የኢሜይል መተግበሪያ ጋር በአይማፕ (መተግበሪያዎች ደብዳቤሽን ከሳጥኑ በሚያነቡበት የጋራ ስልት) ይሠራል። ፕሮቶን ምስጢር ለሚያስጨንቀው ጥሩ ነው፣ ግን በኮምፒውተር የሌላ ድርጅት መተግበሪያ ለመጠቀም ከተከፈለበት ደረጃ ጋር ብሪጅ የሚባለውን ፕሮግራም መጫን ግድ ነው። የዞሆ ነፃ ደረጃ አይማፕ የለውም። ለአይክላውድ ፕላስ አስቀድመሽ የምትከፍይ ከሆነ የራስ ዶሜን ስለሚቀበል ተጨማሪ ወጪ የለብሽም። የራሴን ሰርቨር (ኢሜይል የሚያስተናግድ ኮምፒውተር) ላቁም አትበይ፤ መቀበሉ ቀላል ነው፣ የምትልኪው ግን ገና መልካም ስም ባላተረፈ አይፒ (የሰርቨሩ የኢንተርኔት ቁጥር) ምክንያት ስፓም ውስጥ ይቀራል።

ዲኤንኤስ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት ሁልጊዜ በእነዚህ ቦታዎች ነው። የኤምኤክስ መስመሮችን (ደብዳቤሽ ወደ የትኛው ድርጅት እንደሚደርስ የሚናገሩትን) ስታስገቢ ሬጅስትራሩ ቀድሞ ያስቀመጣቸውን አጥፊ፤ ከቀሩ አንዳንዱ ደብዳቤ ወደዚያ ሄዶ ይጠፋል። ኤስፒኤፍ (በዶሜንሽ ስም ማን መላክ እንደሚችል የሚዘረዝረው) ለአንድ ዶሜን አንድ መስመር ብቻ ነው። ሁለት ከሆኑ ተቀባዩ ሁለቱንም ስህተት ይላቸዋል፤ ሌላ ላኪ ካለሽ በዚያው መስመር ውስጥ ጨምሪው። ዲኪም (ደብዳቤሽ የሚፈረምበትን ቁልፍ የሚያሳውቀው መስመር) ላይ የስሙን ሳጥን ተጠንቀቂ፤ ብዙ ፓነሎች ዶሜኑን ራሳቸው መጨረሻው ላይ ይጨምራሉ፣ አንቺም ሙሉውን ከለጠፍሽ ዶሜኑ ሁለት ጊዜ ይደገምና ቁልፉ አይገኝም። ዲማርክን (ማረጋገጫውን ያላለፈ ደብዳቤ ምን ይደረግ የሚለውን) በ‹ነን›፣ ማለትም ምንም አይደረግ በሚለው፣ ጀምሪ፣ ሁሉም ሲያልፍ ወደ ‹ኳራንቲን›፣ ማለትም ስፓም ውስጥ ይግባ ወደሚለው፣ አጥብቂው።

ከዚያ ለጂሜይልሽ አንድ መልእክት ላኪ፣ ክፈቺው፣ ሦስቱን ነጥቦች ነክተሽ ‹ሾው ኦሪጅናል› የሚለውን ምረጪ። ይህ የሚገኘው በኮምፒውተር ስትከፍቺው ነው። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ጎን ለጎናቸው ‹ፓስ› ካላሉ ለማንም አዲሱን አድራሻ አትስጪ።

ሁሉም ሲሠራ በጂሜይልሽ ያለውን የቆየ ደብዳቤ በአዲሱ የኢሜይል አገልግሎት ማስመጫ (ኢምፖርት) አምጪው። በየአካውንቶችሽ ላይ አድራሻውን ስትቀይሪ ከጋዜጣና ከሱቅ ጀምረሽ ባንኩን መጨረሻ ላይ አድርጊ። በሬጅስትራሩም በኢሜይሉም ባለ2 ደረጃ ማረጋገጫ አብሪ፤ የመጠባበቂያ ኮዶቹን በወረቀት አትሚና አንዱን ቅጂ እናትሽ ጋ አስቀምጪ።

አባትሽ