የአራሶችና የእናቶች እንቅስቃሴ ይታሰብበት

ክቡር አዘጋጅ፣

በከተማችን በጎንደር እርጉዝ ሴት «አርፈሽ ተቀመጪ» ስትባል መስማት የተለመደ ነው። ምክሩ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪም የሚከለክልበት ምክንያት ከሌለ እርጉዝም ሆነች የወለደች ሴት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል፤ ይህም እያወሩ ፈጠን ብሎ በመራመድ የሚሟላ ነው። ደም ከታየ ወይም ራስ ካዞረ ግን ወዲያው አቁሞ ወደ ሕክምና መሄድ ይገባል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአራስነት ጊዜ ነው። ገንፎውም አጥሚቱም ይቅረብ፤ ነገር ግን አራሷ ቀኑን ሙሉ ከተኛች በእግሯ ደም ሥር ደም የመርጋት አደጋው ይጨምራል። ሲያስነጥሳቸው ሽንት የሚያመልጣቸው፣ በኀፍረትም ለባላቸው እንኳ የማይነግሩ ስንት እናቶች አሉ! ሽንት እንደሚይዙ አድርጎ የዳሌ ወለል ጡንቻን ጨብጦ መልቀቅ፣ ተኝተውም ሆነ ጡት እያጠቡ ሊሠራ የሚችል ልምምድ ሲሆን ችግሩን ያቃልላል። በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት በበኩሏ ቁስሏ ሳይጠግግ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት የለባትም።

በዕድሜ ምክንያት የወር አበባ ሲቋረጥም ኤስትሮጅን የተባለው የሴቶች ሆርሞን ስለሚቀንስ አጥንት ይሳሳል፤ ስለዚህ ከእግር ጉዞ በተጨማሪ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልጋል። (በዐቢይ ጾም የሚሰግዱ እናቶቻችን ጭናቸውን ሳያውቁት ያሠሩታል።)

ጤና ጣቢያዎቻችን እናቶች ልጃቸውን በ6ኛው ሳምንት ለማስከተብ ሲመጡ፣ ተራ በሚጠብቁበት ሰዓት ይህንኑ የዳሌ ወለል ልምምድ እንዲያሳዩአቸው እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢ፣ ከጎንደር